ጨጓራዬ ከተቀነሰ በኋላ የመጣው ሦስተኛ ዓመት

የመጀመሪያው ምልክት እንቅልፍ ነበር። አብነት አካባቢ ትንሽ ፀጉር ቤት አለችኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጋሽ ታደሰን ፀጉር እየቆረጥኩ፣ እንደቆምኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ቶንዶሱ ከጆሯቸው በላይ ነጭ መንገድ አውጥቶ ሄደ። ጋሽ ታደሰ የሃያ ዓመት ደንበኛዬ ናቸው። መስታወቱን አይተው አልተቆጡም፤ የቀረውን ሙልጭ አድርጌ እንድላጫቸው ነገሩኝ። ሲወጡ ግን፣ «ሙራድ፣ ይሄ ተራ ድካም አይደለም። ሐኪም ዘንድ ካልሄድክ ሌላ ፀጉር ቤት ነው የምፈልገው» አሉኝ።

ሄድኩ። መቶ አርባ ስድስት ኪሎ ነበርኩ። ስኳር ተገኘብኝ። ደም ግፊትም ተገኘ። ስተኛ ትንፋሼ ይቋረጣል፤ ስሊፕ አፕኒያ ይሉታል። ባለቤቴ ዘይነባ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ለካ ለወራት ትንፋሼን ስታዳምጥ ነበር የምታድረው። አልነገረችኝም።

አንድ ዓመት ምግብ ለመቀነስ ሞከርኩና አልሆነልኝም። ሐኪሞቹ ስሊቭ የሚባለውን ቀዶ ሕክምና መከሩኝ፤ አብዛኛውን የጨጓራ ክፍል ቆርጠው ያወጣሉ። ፈራሁ። ፈረምኩ። ስነቃ ጉሮሮዬ ደርቋል። ውኃ የምጠጣው በማንኪያ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ተደብቄ አንድ ጉርሻ ሥጋ በላሁ። ደረቴ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። አስመለሰኝ። የምሞት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ደስታው መጣ። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ወረደልኝ፣ ስኳሩ ያለ መድኃኒት ተስተካከለ፣ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤታችንም መሐል ላይ ሳላርፍ መውጣት ጀመርኩ፤ ዘይነባም እንደ ሰው ተኝታ ማደር ጀመረች።

ታሪኩ እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ዘጠኝ ኪሎ ተመለሰ። ሚዛኑን አልጋ ሥር ከተትኩት። የክትትል ቀጠሮዬን ሥራ በዛብኝ ብዬ ዘለልኩ። ቀጣዩንም ዘለልኩ። አፈርኩ። ቤተሰብ ሁሉ የደከመበትን ነገር እያበላሸሁ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር። ዘይነባ ስፌት ታውቃለችና የሱሪዬን ወገብ ሁለት ጊዜ አሰፋችልኝ። ሌላ ሱሪ ይዤላት ስመጣ ግን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄን አላሰፋልህም» አለችኝ። «ነገ አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

ዶክተሯ ወጣት ናት። ትቆጣኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ።

«አቶ ሙራድ፣ ትንሽ ኪሎ መመለሱ በብዙ ሰው ላይ ይደርሳል» አለችኝ። «እኔን ያሳሰበኝ መቅረትዎ ነው።» ከዚያ ለአንድ ሳምንት አፌ የገባውን ሁሉ እንድጽፍ አዘዘችኝ።

ጻፍኩ። ምግቤ ደህና ነበር፤ ጉዱ የተገኘው ሻዩ ላይ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ሻይ አስመጣለሁ፣ አብሬም እጠጣለሁ፤ በቀን ዘጠኝ ብርጭቆ፣ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ከጎኑም ብስኩት። ልጄ ፈትያ ደምራ ሃያ ሰባት ማንኪያ ብላ ስታሳየኝ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ከዚያ ወረቀቱን ተቀብዬ ራሴ ደግሜ ደመርኩት። ጣፋጭ መጠጥ በተቀነሰ ጨጓራ ውስጥ ሳያጠግብ ቶሎ እንደሚያልፍ ዶክተሯ አስረዳችኝ።

ከፀጉር ቤቴ አጠገብ ሻይ የምትሸጠው አስቴር፣ ያለ ስኳር አምጪልኝ ስላት የተቀየምኳት መስሏት ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ምክንያቱን ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ ወዲህ ቀረፋና ቅርንፉድ አብዝታ ታፈላልኛለች፣ ከደንበኞቼም አንዳንዶቹ እንደኔው መጠጣት ጀምረዋል።

አሁን ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጠዋት ከቤቴ እስከ አብነት በእግሬ እሄዳለሁ፤ በልደታ ማርያም በኩል ሳልፍ ብዙ ጊዜ ጋሽ ታደሰ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አገኛቸውና ወሬ ይዘን አብረን እንጓዛለን። ገበታ ላይ ከእንጀራው በፊት እንቁላሉን፣ ምስሩን ወይም ሥጋውን እበላለሁ፣ በደንብ አላምጣለሁ፤ ረመዳን ከመግባቱ በፊትም ዶክተሯን አማክራለሁ። ከተመለሰው ዘጠኝ ኪሎ ሰባቱ ወርዷል፤ ሁለቱ አብረውኝ ይኖራሉ፣ አልጣላቸውም። እሁድ እሁድ ከሰፈሩ አባቶች ጋር ኳስ እጫወታለሁ። በቅርቡ ጎል አገባሁ። በራሳችን ቡድን ላይ ነበር፤ ፈትያ ግን ከዳር ቆማ አጨበጨበችልኝ።

አልሐምዱሊላህ። ዘይነባን፣ ዶክተሯንና ጋሽ ታደሰን አመስግኜ አልጠግብም። እናንተ በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ፣ የታዘዘላችሁን ቫይታሚን አታቋርጡ፣ የምትጠጡትንም እንደ ምግብ ቁጠሩት። ኪሎ ሲጨምር ደግሞ አፍራችሁ ከቀጠሮ አትቅሩ። እኔ ስምንት ወር ብቻዬን ስጨነቅ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ይጠብቀኝ የነበረው አንድ ወንበርና ስገባ ከመቀመጫዋ ተነሥታ «እንኳን መጡ» ያለችኝ ሐኪም ነበረች።