ወባን በግራፍ ያጠፋሁ ዕለት

ዛሬ ሐሙሲት ከተማ ላይ «ወባ ጠፋች» ተብሎ እልል ተባለ። ያጠፋኋት እኔ ነኝ።

የጤና ባለሙያ ነኝ። ለቀበሌው ሰው የወባ ታማሚ እንዴት እንደቀነሰ በፕሮጀክተር እያሳየሁ ነበር። ግራፉን ከዜሮ ሳይሆን ከፍ ካለ ቁጥር ስላስጀመርኩት የዘንድሮውን ታማሚ የሚያሳየው ምሰሶ ከመሬት ተጣብቆ ዜሮ መስሏል።

ፊት የተቀመጡት እትዬ ትርንጎ «ተመስገን! እንግዲህ አጎበሩን አውርጄ ጫጩቶቼን ከጭልፊት እከልልበታለሁ» አሉ።

ደነገጥኩና ግራፉን እዚያው ከዜሮ አስጀመርኩት። ምሰሶው ብድግ አለ። ወባ ቀንሳለች እንጂ አልጠፋችም።

እትዬ ትርንጎ ግራፉን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ልጄ፣ በቃ አትንካው፤ ደግመህ ከነካኸው ትብሳለች። አጎበሬንም አላወርድም።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

እናንተስ በግራፍ ያጠፋችሁት ነገር አለ? እስኪ አውሩኝ፣ ብቻዬን አልሳቅ።