አርባ ዘጠኝ ሩጫ

ክሪኬት የሚባለውን ጨዋታ ያስተማሩኝ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። ከህንድ አገር የመጡ፣ ስድሳን ያለፉ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሰው። እኔ እዚህ በስደት፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ በሚባል ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል ኩሽና የበሽተኛ ምግብ በትሪ እደረድራለሁ፤ እሳቸው ከምድር ቤቱ ስቶር ዕቃ ያወጡ ነበር። የምሳ ሰዓታችን አንድ ስለነበረ ጠረጴዛ ላይ ተዋወቅን። "እናንተን ኢትዮጵያውያንን ሂሳብ ያስተማርናችሁ እኛ ነን" አሉኝ ገና በመጀመሪያው ቀን። እውነታቸውን ነው፤ የሰባተኛ ክፍል የሂሳብ አስተማሪዬ ህንዳዊ ነበሩ። "እኔ ግን አምልጫቸዋለሁ" ብላቸው ሳቁ።

አንድ ቀን "ቅዳሜ ምን ትሠሪያለሽ?" አሉኝ። ልብስ አጥባለሁ አልኳቸው። ሌላውን አልነገርኳቸውም። ሌላውማ ምን ይነገራል! ልጄ ተማረች፣ ተመረቀች፣ ሌላ ስቴት ሥራ ይዛ ሄደች። ስደውልላት "ሚቲንግ ላይ ነኝ ማሚ፣ ቴክስት አድርጊልኝ" ትለኛለች። ቴክስት ሳደርግላት የአውራ ጣት ሥዕል ትልክልኛለች። ዘጠኝ ወር ተሸክሜ፣ አጥብቼ፣ አሳድጌ፣ ለአውራ ጣት! ዓርብ ከሥራ ወጥቼ እሑድ ቅዳሴ እስክሄድ ድረስ ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልነጋገር የምውልበት ሳምንት ብዙ ነው። አንዳንዴ ድምፄ መኖሩን ለማወቅ ብቻዬን "እህም" እላለሁ።

እናም ቅዳሜ መጥተው ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ወዳለ ሜዳ ወሰዱኝ። አውሮፕላን በአናታችን ሲያልፍ ጨዋታው ባይቆምም ወሬው ይቆማል። ያን ቀን ነጥብ የሚመዘግበው ልጅ ቀርቶባቸው ነበርና "አንቺ ከማንም ወገን አይደለሽም" ብለው ደብተሩን ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ከማንም ወገን አለመሆኔ ጠቅሞኝ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው መዝጋቢዋ እኔ ሆንኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት መቺዎች ዱላ ይዘው በአንዲት ጠባብ መሬት ሁለት ጫፍ ላይ ይቆማሉ። ወርዋሪው ኳሱን ወደ አንደኛው ይልካል። ያ መትቶ ኳሱ ሲርቅ ሁለቱም ቦታ ለመለዋወጥ ይሮጣሉ፤ አንዴ ከተለዋወጡ አንድ ሩጫ፣ ከደገሙት ሁለት ነው። ኳሱ እየተንከባለለ የሜዳውን ዳር ገመድ ካለፈ ሳይሮጡም አራት ይጻፍላቸዋል፤ መሬት ሳይነካ ካለፈ ስድስት። እኔን የገረመኝ የእግሩ ነው። ኳሱ ዱላውን ስቶ የመቺውን እግር ቢመታና ቢሮጡ፣ ሩጫው ለቡድኑ ይቆጠራል እንጂ በመቺው ስም አይጻፍም። ዱላ የያዘበትን ጓንት ከነካ ግን ዱላውን እንደነካ ይቆጠራል፤ የራሱ ነው።

"ታዲያ ተመትቶ ሮጦ የደከመው ሰውዬ ስሙ የለም?" ብዬ ተከራከርኳቸው።

"የለም" አሉ።

"የእኔ ኑሮ ነዋ!" አልኳቸው።

ዳኛው ይህን ሁሉ በምልክት ያሳያል። ክንዱን ካወዛወዘ አራት፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ ካነሣ ስድስት፣ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ በእጁ ከነካ የእግር ሩጫ ነው። ካሳየ በኋላ ወደ እኔ ይዞራል። እኔ እጄን አንሥቼ "አይቻለሁ" ካላልኩ ጨዋታው አይቀጥልም። ሜዳ ሙሉ ወንድ ቆሞ እኔን ይጠብቃል! ብትስቁብኝም ሳምንቱን የምገፋው ያቺን እጅ ለማንሣት ሆነ። ደግሞ ፈጣን ነበርኩ፤ ዳኛው ሳይጨርስ እጄ ወደ ላይ ነው።

እጄን የከለከልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዳኛው አራት ሲል፣ እኔ ከጎን ስለምቀመጥ ኳሱ ገመዱን በአየር ሲሻገር አይቼ ነበር። እጄን ሳላነሣ ብቀር ዳኛው ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ነገርኩት፤ ገመዱ ጋ የነበረውን ተጫዋች ጠየቀና ስድስት አደረገው። ባልደረባዬ ኩራታቸው ለጉድ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በሆስፒታሉ ላገኙት ሁሉ አወሩት።

አምና ቴክሳስ የምትኖረው ልጃቸው "መጥተህ ከእኔ ጋር ኑር" አለቻቸው። ዕቃቸውን አሰሩ፤ የዚያ ሳምንት ቅዳሜ የመጨረሻ ጨዋታቸው ሆነ። በክሪኬት አንድ ሰው ብቻውን ሃምሳ ሲሞላ ዱላውን ከፍ ያደርጋል፣ ተቃራኒው ቡድን ሳይቀር ያጨበጭብለታል። እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጫወቱ ኖረው ሃምሳ ሞልተው አያውቁም። ጉልበታቸውን በፋሻ ጠምጥመው "ሲስተር፣ ዛሬ ሃምሳ ትጽፊልኛለሽ" አሉኝ፤ ሲስተር የሚሉኝ እህቴ ለማለት ነው። "እርስዎ ይምቱ እንጂ መጻፉ አያቅተኝም" አልኳቸው። ከላይ እስቃለሁ፣ ውስጤ እርር ብሏል። የእሳቸው ልጅ ጠራቻቸው፤ የእኔ አውራ ጣት ትልካለች። ቀናሁ። ምን እደብቃለሁ፣ ቀናሁ።

አርባ ዘጠኝ ደረሱ። ቡድናቸውም ለማሸነፍ አንድ ሩጫ ብቻ ቀረው። ኳሱ መጣ፤ ከመሬት ነጥሮ የግራ ጓንታቸውን ጫፍ ነካ አደረገና ጭናቸውን መትቶ ወደ ጎን ሄደ። ጓንቱን ሲነካ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ሮጡ፤ እያነከሱ ሮጡና ደረሱ። ጓደኞቻቸው እየጮሁ ሜዳውን ሞሉት። በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል ዳኛው ጉልበቱን አንሥቶ በእጁ ነካ፤ ወደ እኔ ዞረ።

እጄን አነሣሁ።

ለምን? ልማድ ነው እላለሁ፣ ችኮላ ነው እላለሁ። ቅናቱስ የለበትም? እሱን ፈጣሪ ይወቀው። እጄን ባላነሣ ዳኛው ይመጣ ነበር፣ እነግረው ነበር፣ አለቀ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ተነሥቼ መናገር እችል ነበር። ግን "ሴትዮዋ መጀመሪያ አየሁ አለች፣ ከዚያ ደግሞ ሐሳቧን ቀየረች" ብለው ደብተሩን እንዳይወስዱብኝ ፈራሁ። እሳቸው ሲሄዱ የሚቀረኝ ያ ወንበር ብቻ ነበር። አልወሰዱብኝም፤ እስከ ዛሬ በባቡርና በአውቶቡስ እየሄድኩ እቀመጥበታለሁ። ዳኛው ወደ እኔ ሲዞር ግን እንደ ድሮው ደስ አይለኝም። የባልደረባዬም ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ፤ ለመደወል አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

በስማቸው አርባ ዘጠኝ ጻፍኩ። አንዷን ለቡድኑ። እሳቸው መጥተው በትከሻዬ ላይ አዩና "እሺ" ብቻ አሉ። እኛ አገር "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባላል፤ እሳቸውም አልተቆጡም። ምነው በተቆጡ!

ወደ ቤት ሲያደርሱኝ ሃይዌዩ ተጨናንቆ እንደ ኤሊ እንሄድ ነበር። መሪውን እንደያዙ "ጓንቴን የነካኝ መስሎኝ ነበር፤ ጣቴ ላይ ተሰምቶኛል" አሉ። "አንቺ ከጎን ነበርሽ። አይተሻል?"

"አላየሁም" አልኩ።

ወዲያው ስልካቸው ጠራ፤ ልጃቸው ናት። ስፒከር ላይ አደረጓት።

"ዳዲ፣ ሃምሳ ሞላህ?"

"አርባ ዘጠኝ" አሉ እየሳቁ። "ጓንቴን የነካኝ መስሎኝ ነበር። ግን ሲስተር ከጎን ነበረች፤ አላየሁም አለች። እሷ ካላየች አልነካም ማለት ነው። እኔ አርጅቻለሁ፣ ጣቴም እየዋሸኝ ነው።"

 ልጅቷ "እሷም አብራህ አለች?" ብላ ጠየቀችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "አንቲ፣ አባቴ ስላንቺ ሁልጊዜ ያወራልኛል። እዚያ ብቻውን ነው ብዬ ስጨነቅ አንቺ ስላለሽለት እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። በጣም አመሰግናለሁ" አለችኝ።

"ምንም አይደል" አልኳት።