ዘጠኝ የተጠራበት ጉልበት

እህል በረንዳ ውስጥ እትዬ ሐጀራን «ገበያ እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቆ «ጥሩ ነው» የሚል መልስ ያገኘ ሰው ካለ ይምጣና ይመስክር። የለም! ምስራቸው በጆንያ በጆንያ እየወጣ፣ ኩሊዎች ደጃቸው ላይ እየተጋፉ፣ እሳቸው ግን «ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ገበያው ሞቷል፣ የቀረው መቅበር ነው» ይላሉ። ይሄ ውሸት እንዳይመስላችሁ፤ ደንብ ነው። እዚያ ሰፈር አተረፍኩ ያለ ነጋዴ ወይ ዓይን ይበላዋል፣ ወይ ደንበኛው «እንግዲያው ቀንስልኛ!» ይለዋል። ዋጋም እንደዚያው ነው። ሻጩ ከፍ አድርጎ ይጠራል፣ ገዢው ዝቅ ያደርጋል፣ ትንሽ ይሰዳደባሉ፣ ከዚያ መሀል ላይ ይታረቃሉ። እትዬ ሐጀራ ከስልጤ መጥተው፣ ከባቄላ ችርቻሮ ተነስተው የምስር ጅምላ ነጋዴ የሆኑት በዚህ ደንብ ነው።

ታዲያ የእትዬ ሐጀራ ሁለቱም ጉልበቶች አለቁ። ዕድሜ ልካቸውን ጆንያ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ጉልበቶች ናቸው፣ ምን ይደረግ። ሐኪሞቹ የቀኙን በቀዶ ጥገና ቀየሩላቸውና «ይሄ ጥሩ ከሆነ የግራውን ደግሞ እንሠራለን» አሏቸው። ቀኙ ማለፊያ ሆነ። ግራው ግን ሲቀመጡም ሲነሱም «ወይኔ!» ያሰኛል። የእሳቸው ምኞት እንግዲህ አንድ ብቻ ነበር፦ የግራውም ተራው ደርሶ እንዲሠራ።

እዚህ መሀል ዶክተር ዘመንፈስቅዱስ የሚባል፣ ስሙ ከቁመቱ የሚረዝም ወጣት ሐኪም መጣ። ጉልበታቸውን ያስቀየሩ ሰዎችን እየተከታተለ ያጠናል፤ ማን ዳነ፣ ማን አልዳነም፣ ያልዳነውስ ለምን አልዳነም። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሲል ጠየቃቸው፦

«እትዬ ሐጀራ፣ የቀኝ ጉልበትዎ ሕመም ከዜሮ እስከ አስር ስንት ይሆናል? ዜሮ ማለት ጭራሽ የለም፣ አስር ማለት የማይቻል ነው።»

እትዬ ሐጀራ አሰቡ። እውነቱን ለመናገር አንድም አይሞላ። ግን በመጀመሪያ ጥሪ እውነቱን የሚናገር ማን አለ?

«ዘጠኝ» አሉ፣ «አራት ይሁን» እስኪላቸው እየጠበቁ።

ልጁ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ።

ክው አሉ። ሳይከራከር! «አይ የዘንድሮ ልጅ!» እያሉ ወጡ። «ይሄን እናቱ ገበያ ብትልከው ሱሪውን አስረክቦ ይመጣል።» በሚቀጥለው ቀጠሮ አዘኑለትና በገዛ ፈቃዳቸው አንድ ቀንሰው «ስምንት» አሉት። እሱንም ጻፈው። እትዬ ሐጀራ ከዚህ በላይ ለመቀነስ ገዢው አፉን መክፈት አለበት ብለው እዚያው ላይ ረጉ።

ለነገሩ የቀኙን መዳን ላለመናገር ሌላም ምክንያት ነበራቸው። ምስር የጫነ አይሱዙ በረንዳው አፍ ላይ ሲቆም ነጋዴው ሁሉ ይሮጣል፤ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይመርጣል፣ ለኋለኛው ጠጠርና ነቀዝ ይተርፈዋል። የእሳቸው ጉልበት እምቢ ካለ ወዲህ ግን ጎረቤታቸው ባህረዲን ነጋዴውን ሰብስቦ «ሐጀራ ታማለች፣ ናሙናው መጀመሪያ ለእሷ ይምጣ» ብሎ አስማምቶ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ የተዘገነላቸውን ምስር በመዳፋቸው እያገላበጡ ጥሩ ጥሩውን ይመርጣሉ። ቀኙ ከዳነም በኋላ፣ አይሱዙ ሲመጣ በደህናው እግራቸው ጭምር ያነክሱ ነበር። አንዳንዴ የትኛውን ማንከስ እንዳለባቸው ይጠፋቸዋል።

በሦስተኛው ቀጠሮ ዶክተሩ ፊቱ ጨፍግጎ ጠበቃቸው።

«ኤክስሬይዎ ያማረ ነው። በቀኙ ሲረግጡም ደህና ነዎት። ሕመምዎ ግን ስምንት! አይገናኝም እኮ» አለና ዓይናቸውን አስጨፍኖ እግራቸውን በጥጥ ነካ፣ በመርፌ ጫፍ ወጋ፣ የሚርገበገብ ብረት ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አስቀመጠ። እትዬ ሐጀራ የቱ ጋ እንደነካቸው አንድም ሳይስቱ መለሱ፤ ፈተና ያለፉ መስሏቸው ኮራ አሉ።

«ነርቭዎም ደህና ነው። አዩ፣ ጉልበት ለብዙ ዓመት ሲታመም ጩኸቱን ጀርባ ውስጥ ላለው ህብለ ሰረሰር ይልካል» አላቸው። «ህብለ ሰረሰር ደግሞ ለጭንቅላት ያደርሳል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ጉልበቱ ድኖም ያ መንገድ መጮህ ይለምድበታል። ዝም ቢሉት አይሰማም።»

«ደላላ ነዋ!» አሉ እትዬ ሐጀራ። «ዕቃው ተሽጦ ካለቀ በኋላ የሚለፈልፍ ደላላ!»

ዶክተሩ ሳቅ አለና ወዲያው ኮስተር አለ። «የእርስዎ እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም ብለናል። ስለዚህ የግራውን ብንሠራ ሌላ ሕመም መጨመር ይሆናል። አለቆቼ የግራው ቀዶ ጥገና ይቅር ብለዋል።»

እትዬ ሐጀራ የሚጽፍበትን እጁን ያዙ።

«ዜሮ ነው!» ብለው ጮኹ። «ወላሂ ዜሮ ነው ልጄ! ዘጠኝ ያልኩህ እኮ እንድትቀንስ ነው!»

«ሕመም ይቀነሳል እንዴ እትዬ?» አለ ግራ ገብቶት። «አሁን ዜሮ የሚሉኝ የግራው እንዲሠራልዎ ነው። በዚህ ላይ እንዴት ልመንዎ?»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ያን ቀን ቤታቸው ገብተው ለዙህር ሰላት ሲዘጋጁ እንደ ወትሮው ወንበር ሳቡ። አራተኛ ዓመታቸው ነው፣ ግንባራቸው መሬት ከነካ። ሸኹ «ለታመመ ይፈቀዳል» ብለዋቸዋል፤ ልባቸው ግን አልፈቀደም። ይሄን ለማንም ተናግረው አያውቁም። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው «በገዛ ምላሴ!» እያሉ አለቀሱ፤ ከምር አለቀሱ።

በማግስቱ ዶክተሩ ጋ ደወሉ። «ምላሴን ካላመንክ ዓይንህን እመን። በረንዳ ድረስ ናና ስሠራ እየኝ።»

መጣ፤ እግዜር ይስጠው። ነጭ ጋዋኑን ባይለብስም ሐኪምነቱ ከሩቅ ያስታውቃል፤ በሰባት ሰው ተገፍቶ ሰባቱንም ይቅርታ ጠየቀ። ገና ወንበር ሳያገኝ የአይሱዙ ጡሩንባ ጮኸና ነጋዴው ተነቃነቀ።

«አንቺ እንዳትነሺ ሐጀራ!» አለ ባህረዲን ከወዲያ። «አንዴ! መጀመሪያ ለእሷ ናሙና ይምጣላት!»

እትዬ ሐጀራ ወንበራቸውን ጨበጡ። ቢቀመጡ የዛሬው ምስር የእሳቸው ነው። ሐኪሙ ደግሞ አጠገባቸው ቆሟል። «ያ ረቢ፣ ምነው ሁለቱን ባንድ ቀን አመጣህብኝ» አሉና ብድግ አሉ።

ሄዱ። ሳያነክሱ ማለት አይቻልም፣ ግራው አለ። አይሱዙው ጋ ደርሰው ከጎኑ ያለው ብረት ላይ የቀኝ እግራቸውን ጫኑና መላ ሰውነታቸውን በዚያ ጉልበት ብቻ ወደ ላይ አነሱት።

«ስሙ!» አሉ ከላይ ሆነው። «ቀኙ ድኗል! ዜሮ ነው!»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ባህረዲን።

«ከረመዳን በፊት ጀምሮ።»

«አንቺ ሸይጧን! ከረመዳን በፊት ጀምሮ ነቀዝ ስታበይኝ ነበር?»

ሳቁ እስከ አብነት ሰፈር ሳይሰማ አልቀረም። ባህረዲን ራሱ እየሳቀ፣ እየተራገመ ክንዳቸውን ይዞ አወረዳቸውና ከሁሉም ኋላ አቆማቸው። የዚያን ቀን ለእትዬ ሐጀራ የደረሳቸውን ምስር ዶሮም አትቀምሰውም።

ዶክተሩ ወንበራቸውን አምጥቶ አስቀመጣቸው። «አመንኩዎት» አለ። «ለአለቆቼ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ራስዎን እስኪያጋልጡ፣ የግራው ምን ያህል ቢያምዎት ነው? ከዜሮ እስከ አስር...»

«ቁጥርህን ተወው» አሉት። «የምሰግደው ወንበር ላይ ነው። ጌታዬ ፊት ተኮፍሼ የምቀመጥ ሰው ሆኛለሁ። ምስሩን ባህረዲን ይብላው። እኔ ሱጁድ ልውረድ፣ አንድ ጊዜ ግንባሬን መሬት ላድርግ።»

ዶክተሩ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። «ቢሠራም ሁሉም ሰው መንበርከክ አይሆንለትም» አለ፣ መዋሸት አልፈለገም። «እንሞክራለን። ግን እትዬ፣ እስከ ዛሬ ይሄን ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ?» አሉ እንባቸውን በሻርፓቸው ጫፍ እየጠረጉ። «አንተ የጠየቅከኝ ዋጋ ነው።»