አንገት ላይ የታሰረው ሜሞሪ ካርድ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከፍለን የገዛንለትን ጌም ሊጫወት ስልኩን ቢከፍት፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ኖሮ ጌሙ የእሱ መሆኑን ማረጋገጥ አልቻልንም የሚል ጽሑፍ መጣበትና አኩርፎ ተቀመጠ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ይኸ የእኔ ነው፣ የአንተ አይደለም የሚል ሙግት በቤታችን የቆየ ነውና፣ ሐሳቤ ሳላስበው ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ወደነበረችው የወንድሜ የፕሌይስቴሽን ቤት ሄደ።

ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ሁለት ቴሌቪዥንና ሁለት ማሽን አስገባ። ክፍሏ የጋለ ፕላስቲክና የተጠበሰ ድንች ትሸታለች፤ ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ስለማይሰማ የኳሱን ጌም ተመልካች ጩኸት የምንጮኸው እኛው ነበርን። ዲስኮቹ በሙሉ ባሕር ዳር የተገለበጡ ኮፒዎች ናቸው። አንዳንዱ ሲገባ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ እያንገራገረ አልነሣም ይላል፤ ይበልጣል በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፣ እፍ ብሎበት፣ ሲብስም አማትቦበት ይመልሰዋል።

አባታችን የሥነ ዜጋ መምህር ነበሩ። ራት በቀረበ ቁጥር የሰውን ልፋት ሳያስፈቅዱ መውሰድ ስርቆት መሆኑን ያስረዳሉ። ይበልጣል ደግሞ ዋናው ዲስክ ከዚህ እስከ ባሕር ዳር ቢፈለግ እንደማይገኝ፣ ሊሸጥለት ካልመጣ ሰው ምን እንደሰረቀ እንዲነግሩት ይጠይቃል። አባታችን ሻጭ የለውም ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም ይላሉ፤ እናታችን ወጡ ቀዘቀዘ ይላሉ፤ ክርክሩም ለነገ ያድራል።

አንድ ክረምት ይበልጣል የኳሱ ጌም ውስጥ የቡድንና የተጫዋች ስም መቀየር እንደሚቻል ደረሰበት። ትምህርት ዝግ ስለነበር ስሞቹን በእንግሊዝኛ ፊደል የምጽፍለት እኔ ነበርሁ። ታላላቆቹ የአውሮፓ ቡድኖች ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ጅጋና ፈረስ ቤት ሆነው ተነሡ። ባለወፍጮው አጥቂ፣ ፀጉር አስተካካዩ በረኛ ሆነ፤ አባታችንን ደግሞ ረጅም፣ ራሰ በራና ከቦታው የማይነቃነቅ ተከላካይ አደረግናቸው። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ተማሪዎቻቸው ተነሥተው፣ መምህር ትናንት በራሳችን ላይ አገቡብን እያሉ አቤቱታ አቀረቡ። አባታችን ተቆጡ፤ ማታ ግን እኔን ለብቻ ጠርተው ፍጥነታቸውን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ።

ወሬው ተሰማና ቅዳሜ ገበያ የሚመጡ የጅጋ ልጆች ከገበያው ይልቅ እኛ ዘንድ ይውሉ ጀመር። ቡሬ የፕሌይስቴሽን ቤት የነበረው አንተነህም አንድ ቀን ሊጫወት መጥቶ፣ ይበልጣል ምሳውን እስኪበላ ድረስ የገዛ ሜሞሪ ካርዱን ማሽኑ ላይ ሰክቶ ከእኛ ካርድ የቀየርናቸውን ስሞች ሁሉ ገልብጦ ሄደ። እኛ የሰማነው ከቡሬ የመጣ የሚኒባስ ረዳት ሲነግረን ነው። የባሰው ደግሞ አንተነህ የፍኖተ ሰላምን በረኛ ችሎታ እስከ መጨረሻው ዝቅተኛ ነጥብ አውርዶት ነበር።

ይበልጣል ቡሬ ድረስ ሄዶ በሰው ፊት ሌባ ብሎት ተመለሰ። ያን ዕለት ራት ላይ አባታችን ከወትሮው ረዘም አድርገው ያኝኩ ነበር። ከዚያ በኋላ ወንድሜ ማንንም አላመነም። የሜሞሪ ካርዱን ጠርዝ በስቶ ክር አስገባለትና ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው፤ እናታችን ይኸ ደግሞ የየትኛው ሃይማኖት ነው እስኪሉ ድረስ ተኝቶም አይፈታውም።

ጥምቀት ደረሰ። ጠበሉ በጎማ በሕዝቡ ላይ ሲረጭ ይበልጣል እየዘፈነ መሐል ገባ፤ ሲወጣ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ይንጠባጠባል። ካርዱን ፀሐይ ላይ አሰጣነው፣ ጤፍ ውስጥ ቀበርነው፤ ማሽኑ ግን ባዶ ነው እያለ መለሰልን። የክረምቱ ልፋት በሙሉ ጠፋ። የቀረው ኮፒ ቡሬ ያለው ብቻ ነበር።

ወንድሜ አልሄድም ብሎ ከረመ። የጅጋ ልጆች መምጣት ሲያቆሙና ክፍሏ ጭር ስትል ግን አንድ ቅዳሜ ተነሣ፤ እንዳይጣላ ብለው አባታችን፣ አልቀርም ብዬ እኔ፣ ሦስታችን በሚኒባስ ቡሬ ወረድን። የአንተነህ ቤት በልጆች ጢም ብሎ እኛው የጻፍናቸውን ስሞች እየጠሩ ይጯጯኻሉ። ይበልጣል በሩ ላይ ቆመ፤ የመጣበትን ጉዳይ የተናገርሁለት እኔ ነኝ።

አንተነህ ጆይስቲኩን አስቀመጠ። «ሌባ ብለኸኝ ነበር» አለው።

«ብዬህ ነበር።»

«እኔስ ካንተ ወሰድሁ። አንተ ዲስኩን ከማን ወሰድህ?»

ይበልጣል ወደ አባታችን ዞረ። ይህንኑ ስንት ራት ሲያስረዱን የኖሩ ሰው ናቸውና ትምህርቱ መጣ ብዬ ተሸማቀቅሁ። እሳቸው ግን ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር።

«ሌባ ያልኸው ሰው ጎተራ ሆኖ አቆየልህ» አሉት ቀስ ብለው፤ «ስለዚህ አመስግን። አንተነህ፣ አንተም ልጄ፣ የሠሪውን ስም ግድግዳህ ላይ ጻፍለት።»

አንተነህ ሳቀ፤ ስሞቹንም በሌላ ካርድ ገልብጦ ሰጠን። የይበልጣልን ስም በትልቁ ጻፈው። ወንድሜም ቤት ሲገባ በገዛ ግድግዳው ላይ «ዲስኩን የሠሩት ባሕር ማዶ ናቸው፤ ዕድሜ ይስጣቸው» ብሎ ጻፈ። አባታችን አነበቡትና ግማሽ መንገድ መጣህ አሉት። አንተነህ ያዳከመውን በረኛችንን ማከም ግን ረስተን ኖሮ በመጀመሪያው ጨዋታ ኳሱን ቆሞ እየሸኘ አስቆጠረብን።

ዛሬ ያች ክፍል የስልክ ጥገና ሆናለች። ይበልጣል አዋሳ ነው፤ ከአንተነህ ጋር አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና አንሥተው ተዛምደዋል። ካርዶቹ የት እንደደረሱ ሁለቱም አያውቁም፤ ማሽኑም የለም። አሁን ጌሙ ሁሉ ሕጋዊ ነው፤ ልጁ ሁሉ በየስልኩ፣ በየጆሮ ማዳመጫው ለብቻው ይጫወታል። ያኔ እኛ ጎል ስናገባ ከአጥሩ ማዶ ያሉ ሹፌሮች ሥራቸውን አቁመው ማን አገባ ብለው ይጠይቁን ነበር። አሁን የሚጠይቅ የለም፤ ጎሉ መግባቱንም ከአግቢው በቀር የሚያውቅ የለም።