የጠፋው መቀበያ

የዕድራችን የቀድሞ ገንዘብ ያዥ ዛሬም ሰሚት ታክሲ መያዣው ላይ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል። ይሻገር።

የኮንዶሚኒየማችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። ሊቀመንበራችን ጆሯቸው የደከመ እናት ናቸው። በኮሚቴ ስብሰባ ገመድ አልባ ማይክ ጠረጴዛው ላይ እናደርጋለን፤ እሳቸው የማይኩን ድምፅ ከሚይዘው መቀበያ ጋር በተያያዘ ማዳመጫ ይሰማሉ። ዕቃውን የገዛው ይኸው የቀድሞ ገንዘብ ያዥ ነበር። ሁለት ማይክ፣ ሁለት መቀበያ። አንዱ መቀበያ ጠፋ አለን፤ አመንነው። ቤቱ ከመሰብሰቢያ ክፍላችን ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል።

ኮሚቴ ፊት የሚነገረው የሰው ገመና ነው። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ለልጇ ሕክምና በድብቅ እርዳታ ጠየቀች፤ በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ አወቀው። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝና ሁሉም እኔን ጠረጠረ። ሴትየዋ ሰላምታዬን መመለስ ተወች። የቀድሞው ገንዘብ ያዥ ደግሞ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት ተነሥቶ፣ ምስጢር የማትይዝ ሴት ከዕድራችን ትውጣልን አለ። አንዱ በስልኩ ቀርጾ አዳረሰው። እኔም ጋ ደረሰ፤ አስቀመጥኩት። በጠቅላላ ጉባኤው ልሻር ነበር።

ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት ሬዲዮ ክፍል ውስጥ ነው። የጠፋው መቀበያ ትዝ አለኝ። የዚህ ማይክ ሞገድ ግድግዳ ያልፋል፤ በሌላ መቀበያ እንዳይያዝ የሚቆልፈው ነገርም የለም። መቀበያ ግን በአንድ ሞገድ ሁለት ድምፅ ሲመጣበት ጠንካራውን፣ የቅርቡን ይይዛል፣ ደካማውን ይተዋል። ስለዚህ በቀጣዩ የኮሚቴ ስብሰባ ዋናውን ማይክ ከሊቀመንበሯ መቀበያ ጎን አስጠጋሁት። ሁለተኛውን ማይክ በዚያው ሞገድ ላይ አስተካክዬ ከወንበሬ ኋላ፣ በእሱ ግድግዳ ሥር አደረግኩት። ከስልኬ ጋር በሽቦ አገናኝቼ የድንኳኑን ንግግር ደጋግሞ እንዲያስተላልፍ ተውኩት። ክፍሉ ውስጥ ምንም አይሰማም። ሊቀመንበሯ እኛን እንደወትሮው ሰሙ። ከግድግዳው ማዶ ያለ መቀበያ ግን ከገዛ ድምፁ በቀር የሚይዘው አልነበረውም።

ጉባኤው ላይ እኔን ለመሻር የመጀመሪያው ተናጋሪ እሱ ነበር። ንዴቱ ቀደመው።

«ይቺ ሴትዮ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ንግግሬን እያጫወተች ታላግጥብኛለች።»

የኮሚቴው አባላት ተያዩ፤ አንዳቸውም አልሰሙም። ሊቀመንበሯ ማዳመጫቸውን አስተካከሉ።

«የት ሆነህ ሰማኸው፣ ልጄ?»

ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ከኋላ ተነሣች።

«እኔንም የሰማኸኝ እዚያው ሆነህ ነው?»

ጠፋ የተባለውን መቀበያ ሚስቱ ከቤታቸው በፌስታል ይዛ መጣች። የጠረጠሩኝም ተከታትለው ለይቅርታ ቤቴ መጡ፤ ግቡ ሳልል በር ላይ ሰምቼ አሰናበትኳቸው። የድንኳኑን ንግግር ከስልኬ አላጠፋሁም።