ለስምንት ሰው የምርመራ ወንበር

መስጊዱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የሐዘን ማስታወቂያ ዓም ላዝሃርን፣ ማለትም አጎት ላዝሃርን፣ «ዝምተኛና ጭምት» ይላቸዋል። ስሕተት ነው። ከአንዲት ከሰዓት በኋላ በቀር በቱኒዚያዋ ከተማችን ጋቤስ ውስጥ ዝም ብለው ያየናቸው ጊዜ የለም። መታረም ስላለበት እጽፈዋለሁ። ከእሳቸውና ከባለቤታቸው በቀር የተገልጋዮቹን ስም ቀይሬያለሁ።

ዓም ላዝሃር ዕድሜያቸውን የፈጁት በመናኸሪያው ተራ አስከባሪነት ነው። እግራቸው ሲደክም በዘበኝነት ወደ እኛ ክሊኒክ መጡ። የእኛ ቤት የአባላዘር በሽታ በነጻ የሚመረመርበት ነው፦ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስ። ስም አይጠየቅም፤ ሰው ቁጥር ብቻ ይዞ ይገባል። ችግሩ ዓም ላዝሃር የከተማውን ሰው ሁሉ በስም ማወቃቸው ነበር።

«ኧረ የመብሩክ ልጅ! የአባትህ ወገብ ተሻለው? ግባ እንጂ፣ ለምርመራ ሁለት ቦታ ቀርቷል!»

የመብሩክ ልጅ እንዳልሰማ ሆኖ ዳቦ ቤት ይገባል። ይባስ ብለው፣ እንደ መናኸሪያው ታክሲ ስምንት ሰው ካልሞላ ነርሷን ሥራ አያስጀምሯትም።

የሐኪማችን የዶክተር ኢንሳፍ ትዕግሥት አለቀ። «ዓም ላዝሃር፣ ከእንግዲህ የአንድ ሰው ጉዳይ ከአፍዎ ቢወጣ ከሥራ ይሰናበታሉ።»

«ታዲያ የማንን ልናገር ልጄ?»

«የራስዎን!»

በማግስቱ አፋቸውን በመሐረብ ሸብበው በሩ ላይ ተቀመጡ፤ ከመሐረቡ ሥር ግን ማጉረምረማቸው አልቀረም። ከመንገዱ ማዶ፣ ሳንድዊች መሸጫው ጋ፣ ሠርጉ የደረሰ ጀልባ ጠጋኝ ቆሟል። ሹክሪ ልበለው። ወደ በሩ ይመጣል፣ ይመለሳል። ዓም ላዝሃር መጣራት አይችሉ፤ ላብ አጠመቃቸው። በመጨረሻ ተሻግረው መሐረቡን ዝቅ አደረጉና አንሾካሾኩ። ሹክሹክታቸው እኔ ቢሮ ድረስ ተሰማ።

«ልጄ፣ ግባ። አያምም።»

«እርስዎ ተመርምረው ያውቃሉ?»

«እኔማ ዘበኛ ነኝ።»

«እንግዲያው እኔም መንገደኛ ነኝ።»

ዓም ላዝሃር መርፌ እንደ እባብ ይፈሩ ነበር። ቢሆንም የወጣቱን ክንድ ይዘው ገቡና ጣታቸውን ለነርሷ ሰጡ። የጮኹት ጩኸት የሳንድዊቹን ወረፋ በተነው።

«ጣትዎን እኮ ነው የተወጉት!» አለ ሹክሪ፣ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ። እየሳቀም ቀጣዩ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

የሹክሪን ውጤት አልጽፍም፤ የራሱ ነው። ዓም ላዝሃር ግን የራሳቸውን ይዘው መንገድ ላይ ወጡ። «የጋቤስ ሰው፣ ስማ! ላዝሃር ነጻ ነው! ቂጥኝ የለበትም! ጉበቱም ደህና ነው!»

ዶክተር ኢንሳፍ ጭንቅላቷን ያዘች። «የራስዎን ብያለሁ፤ ምን ላድርግ?» አለች። ሥራቸው ተረፈ።

ወሬው ግን ገበያ ደርሶ ኖሮ፣ ባለቤታቸው ዙህራ ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ከተፍ አሉ።

«አንተ ሽማግሌ! ምን አድርገህ ነው የተመረመርከው?»

«እንጀራዬን ላድን ብዬ ነው፣ ዙህራ!»

«ቂጥኝና እንጀራ ምን አገናኛቸው?»

ዶክተር ኢንሳፍ አስቀምጣ አስረዳቻቸው። ዙህራ ሰምተው ሲጨርሱ ዘንቢሉን ባላቸው ጭን ላይ አኖሩ።

«እኔም ልመርመር። ይኼ ሰውዬ የእኔን ውጤት ከጮኸ ግን ዛሬ የሚያድረው ደጅ ነው።»

ጩኸቱን ሰምተው የመጡ ሰዎች ስምንቱንም ወንበር ሞልተውት ነበር። ዓም ላዝሃር ማንንም በስም አልጠሩም። መሐረባቸውን አንሥተው አፋቸውን ሸበቡ፤ እስከ ማታም ትንፍሽ አላሉም። ያቺ ከሰዓት በኋላ ያልኳት ይህች ናት።