ጮክ ተብሎ የሚነበበው ድረ ገጽ

አክስቴ ዕድሜዋን የጨረሰችው የሰው ጽሑፍ ስታርም ነው። በከተማችን ይታተም በነበረው ጋዜጣ ቤት፣ መስኮቷ ወደ ማተሚያ ክፍሉ በምትከፈት ጠባብ ቢሮ ተቀምጣ ሌሎች የጻፉትን ስታነብ ኖረች። ድልድይ ሲመረቅ አረመች፣ ሹም ሲሻር አረመች፣ የጠፋ ውሻ ማስታወቂያ ሲመጣም ለድልድዩ የተጨነቀችውን ያህል ተጨንቃ አረመች። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ አንዲት መስመር እንኳ የሷ አልነበረችም። ሰው አውቶቡስ ውስጥ ጋዜጣ ገልጦ ስታይ ጠጋ ብላ፣ “ያቺን ነጠላ ሰረዝ ያስገባኋት እኔ ነኝ” ማለት ያምራት እንደነበር ነግራኛለች። አንባቢ የሚባለውን ፍጡር የምታውቀው ከሩቅ ነበር።

ጋዜጣው የተዘጋ ዕለት መነጽሯን፣ ቀይ እስክሪብቶዋንና የወንበር ትራሷን በፌስታል ይዛ ቤት ገባችና ለባሏ፣ “የራሴን ልከፍት ነው” አለችው።

“የራስሽን ምን?”

“ጋዜጣ። ኢንተርኔት ላይ።”

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ከንፈሩ መሐል ስፒል ይዞ ስለነበር ቶሎ አልመለሰላትም። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ጨርቁ ላይ ሰክቶ ሲጨርስ፣ “ኢንተርኔት ላይ ክፈቺ እንጂ፤ አንቺ የት ልትቀመጪ ነው?” አላት።

እውነቱን ነው። መንገድ ዳር ካለችው ሱቁ ሌላ ትርፍ ቦታ አልነበራቸውም። ሱቁን በችፑድ ለሁለት ከፈለና የኋለኛውን በኩል ሰጣት። የአዝራር ቀዳዳ የሚሠራ ማሽን የመግዛት የቆየ ሕልም ስለነበረው ግን፣ ማሽኑ ሲመጣ ክፍሉን እንደሚፈልገው አስቀድሞ ነገራት።

“ማሽንህ እስኪመጣ የኔ አንባቢ ካንተ ደንበኛ ከበለጠ አልወጣም” አለች።

ባሏ ዞር ብሎ ሱቁን አየ። አንድ ሰውዬ ዚፕ ሊያስቀይር ቆሟል። “ይሁን” አለ፣ “ከዚህ ሰውዬ መብለጥ አያቅትሽም።”

እኔ ያን ጊዜ ሥነ ጽሑፍ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ቤት ተቀምጬ ነበር። ግጥም እየጻፍኩ ነው እላለሁ፤ አባቴ የሚያየው ግን ጣራ ሳይ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ “እህቴ ዘጋቢ ትፈልጋለች፣ የምትከፍለው የላትም። አንተ ደግሞ ሥራ የለህም። ለምን አትገናኙም?” አለኝና በዚሁ ጋዜጠኛ ሆንኩ። ሦስተኛው ባልደረባችን ጎረቤት የሚኖር የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ድረ ገጹን የሠራው እሱ ሲሆን፣ የይለፍ ቃሉን ለወለደችኝ እናቴም አልናገር ስላለ ፓስወርድ ብለን ጠራነው። ድረ ገጹን “የንጋት ጤዛ” እንበለው የሚል ሐሳብ አቅርቤ ነበር። አክስቴ፣ “ረፋድ ላይ ሲመጡ ሊያጡን ነው?” አለችና ሐሳቡ ሞተ።

የመጀመሪያ ዜናዬ መንገድ ላይ ስለወደቀ ዛፍ ነበር። ዛፉን ሳየው ልቤ ተነካ፤ እኔ ደግሞ ልቤ ሲነካ የሚይዘኝ የለም። “ነፋሱ ለዛፉ አንድ ምስጢር ሹክ አለው፤ ዛፉም ምስጢሩ ከብዶት ተኛ” ብዬ ጀመርኩ። አክስቴ ቀይ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና አለች።

“ነፋሱ ምን እንዳለው ከማን ሰማህ?”

“ግምት ነው እቴቴ።”

“ምንጭ የሌለው ወሬ አናወጣም። የትኛው መንገድ ነው የተዘጋው?”

“አምስተኛው አንቀጽ ላይ አለ።”

“እዚያ እስኪደርስ አንባቢው ዛፉ ላይ ወጥቶ ተሻግሮ ሄዷል፤ ልጄ።”

ምስጢሩም ሹክሹክታውም ተሰረዘ። የቀረው ዛፍ ወደቀ፣ መንገድ ተዘጋ የሚል ነበር። ያን ቀን ጥበብን ገደለች ብዬ ምሳ አልበላሁም። እስከ እራት ድረስ ብቻ ነው የቻልኩት።

የአክስቴ አሠራር እንዲህ ነው። በድሮው ጋዜጣ ቤት እርማት የሚካሄደው በሁለት ሰው ነበር፤ አንዱ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው የሚወጣውን በዓይኑ ይከተላል፤ ነጥቡም ሰረዙም በድምፅ ይጠራል። አክስቴ ይህን እንዳለ ወደ ኢንተርኔት አሻገረችው። ፓስወርድ ድረ ገጽ ላይ ስህተት ከወጣ በኋላም እንደሚስተካከል ሊያስረዳት ሞከረ። “ያነበበው ሰው ጭንቅላት ውስጥ የገባውንስ ማን ገብቶ ያስተካክለዋል?” አለችው። ስለዚህ እኔ ቆሜ፣ “የከተማው ምክር ቤት ነጠላ ሰረዝ ትናንት ባካሄደው ስብሰባ ነጠላ ሰረዝ” እያልኩ እጮሃለሁ፤ እሷ ስክሪኑ ላይ በጣቷ ትከተላለች፤ አንዲት ቃል ከተሳሳትኩ ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ሌሎቹ ዜናውን አውጥተው፣ ተከራክረውበት፣ ተሰዳድበውበት፣ ረስተውት እኛ ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነን። ዝናብ ጣለ ብለን ስንዘግብ ልብስ ደርቆ ተሰብስቧል።

ፓስወርድ የገጹ ጥግ ላይ አንባቢ የሚቆጥር ነገር ሰክቶልን ነበር። አክስቴ በየጠዋቱ ገና ሳትቀመጥ እሱን ታያለች። ቁጥሩ እኛን ሦስታችንን፣ አባቴንና መንገድ የጠፋበትን አንድ ሰው የሚያህል ነበር። ፓስወርድ ሊያጽናናት ብሎ፣ “ከነዚህም አንዳንዱ ሰው ላይሆን ይችላል” አላት።

አንድ ረፋድ ላይ ሳነብ ጉሮሮዬ ደርቆ ውሃ ፍለጋ በሱቁ በኩል ወጣሁ። ነገር ሲያስገርመኝ አፌን ከፍቼ መቆም ልማዴ ነው፤ ያን ቀን እንደዚያው ቆምኩ። አግዳሚው ወንበር ሞልቷል። ቦታ ያጡት በር ላይ ተደግፈዋል። ሁሉም ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ወደ ችፑዱ ዞረዋል። አንድ ሰውዬ እጅጌው ያልተሰፋለትን ኮት ለብሶ በአንድ እጁ አገጩን ይዟል። የልጅ ልጆቿን የደንብ ልብስ ልታሳጥር የመጣች አንዲት እማማ ጣቷን አነሳችብኝ።

“አንተ ልጅ፣ ምን ልትሠራ ወጣህ? ግባና ጨርስ፤ ሰብሳቢው ገና ተናግሮ አልጨረሰም።”

“ሰው ይሰማናል እንዴ?” አልኩት የአክስቴን ባል።

“ድሮ ልብሳቸውን ጥለው ይሄዱ ነበር” አለ እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሳ፣ “አሁን ቁጭ ብለው ነው የሚያሰፉት።” ወዲያው አንዱ ደንበኛ፣ “ለሐሙስ እፈልገዋለሁ አራት ነጥብ” አለውና ሁሉም ሳቁ።

እየሮጥኩ ገብቼ ለአክስቴ ነገርኳት። የምትደሰት መስሎኝ ነበር። መነጽሯን አውልቃ ጠራረገች። “አድማጭ ነው ያገኘነው” አለች ቀስ ብላ፣ “ራዲዮ አልከፈትኩም እኮ።”

ነገሩ እየባሰ ሄደ። ዜና ሰሚው በባዶ እጁ መምጣት ስለሚያፍር አሮጌ ሱሪም ቢሆን ይዞ ይመጣል፤ የሱቁ ሥራ ተጧጧፈ። እኛ በተሻሻልን ቁጥር የአክስቴ ባል ይበለጽጋል። በመጨረሻ አንድ ቀን በችፑዱ በር አንገቱን አስግጎ፣ ማሽኑን ማዘዙን አበሰረን።

“በኔ ደንበኛ ነው የገዛኸው” አለችው አክስቴ።

“ሱሪያቸውን ታዲያ ማን ሰፋው?”

“የመጡት ለሱሪ ነው?”

“አንድም ሰው ያለ ሱሪ መጥቶ አያውቅም” አለና አንገቱን መለሰ።

በማግስቱ አክስቴ ከዛሬ ጀምሮ የምናነበው በሹክሹክታ ነው ስትል አዘዘች። ሳምንቱን ሙሉ ጆሮዋ ስር አፌን ደቅኜ ስለ ቀበሌ መንገድ ጥገና ሹክ እላለሁ፤ ያየን ሰው መንግሥት ልንገለብጥ ነው ይል ነበር። የሱቁ ወንበር ባዶ ሆነ። ቆጣሪያችን ግን እንዳለ ነው። ሰዎቹ ዜናውን ከኛ አጥተው ወደ ድረ ገጻችን አልመጡም፤ ዝም ብለው ቀሩ።

ያኔ ነው እኔ ብልሃት የመጣልኝ። በሕይወቴ የመጣልኝ ብልሃት ትንሽ ስለሆነ ሲመጣ አውቀዋለሁ። “እቴቴ፣ ጮክ ብለን እንጀምርና ፍሬ ነገሩ ጋ ስንደርስ ብቻ ድምፃችንን እንቀንስ። ማወቅ የፈለገ ስልኩን ይከፍታል።”

ፓስወርድ፣ “ሁሉም ድረ ገጽ እንደዚህ ነው የሚያደርገው” ብሎ ደገፈኝ።

አክስቴ ቆጣሪውን አየች። ማሽኑ በዚያው ቀን ይገባል ተብሏል። “አንድ ጊዜ ብቻ” አለች፣ እኛን ሳታይ።

ለዚህ ሥራ ከኔ የተሻለ ጸሐፊ አልነበረም፤ ፍሬ ነገር ማዘግየት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ሙያ ነው። ጽሑፌ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቃል ሳይሰረዝ ቀረበ። ሰዎቹ ጮክ ብለን መጀመራችንን ሲሰሙ ከመንገድ እየተጠራሩ ሱቁን ሞሉት። “ማለዳ ማለዳ ቧንቧው ውስጥ የሚያንጎራጉረው ውሃ” ብዬ ተነሳሁ፤ ስለ ጥማት አንድ አንቀጽ፣ ስለ እንስራ አንድ አንቀጽ ሄድኩ። “ነገር ግን ነጠላ ሰረዝ ከዛሬ ከሰዓት ጀምሮ የሰፈራችን ውሃ” አልኩና ድምፄን ዋጥኩ።

ከችፑዱ ወዲያ የስፌት መኪናው ፔዳል ቆመ።

“ምን ሆነ አለ?”

“እኔም አልሰማሁም። ስልክህን ክፈት እስቲ።”

ቆጣሪው ተነቃነቀ። አክስቴ ፊቷን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። ዓይኗ እያየ ቁጥሩ ሲጨምር ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ጉንጯ ላይ የልጅ ቀለም መጣ። ፓስወርድ በጠረጴዛው ስር እጄን ጨበጠኝ። እኔ ምን ልበላችሁ፣ ራሴን እንደ ታላቅ ጸሐፊ እያየሁ ነበር።

“የኔ ስልክ መደወል ብቻ ነው የሚያውቀው” የሚል የእማማ ድምፅ መጣ። “ውሃው ምን ሆነ?”

“እየከፈተልኝ ነው እማማ፣ ኔትወርኩ ነው የያዘኝ።”

“ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሊገቡ ነው እኮ። ከቧንቧ ነው የሚጠጡት።”

አክስቴ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ቆማ፣ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ ከኔ በሚበልጥ ድምፅ አነበበችው። ቧንቧው በመድኃኒት እየታጠበ ስለሆነ ነጠላ ሰረዝ እስከ ነገ ማታ ድረስ ውሃውን መጠጣትም ሆነ ለምግብ መጠቀም ክልክል ነው አራት ነጥብ። ደግማ አነበበችው። የእማማ እርምጃ ወደ በሩ ሲጣደፍ ተሰማኝ፤ ቀጥሎ ስልኮች ወደ ኪስ ሲመለሱ። ቆጣሪው ቆመ።

“ብልሃታችሁን አየሁት” አለችን አክስቴ፤ “ሁለተኛ እንዳታሳዩኝ።” ከደጅ የጋሪ ድምፅና የተሸካሚዎች ጭቅጭቅ ይሰማል፤ ማሽኑ መጥቷል። “በሉ ኮምፒውተሩን ንቀሉት።”

ገመዱን እየነቀልኩ ሳለ ባሏ ብሎን መፍቻ ይዞ ገባ።

“ምን እየሠራችሁ ነው?”

“ማሽንህ ደርሷል፤ እየወጣን ነው። ውል ነበረን።”

“ውሉ አንባቢ ስለሚሉት ነገር ነው። እኔ የምለካው ወገብና ትከሻ ነው፣ እሱን አላውቅበትም።” የችፑዱን ብሎን መፍታት ጀመረ። “አንቺ ዝም ባልሽበት ሳምንት ያለቀ ሱሪውን እንኳ መጥቶ የሚወስድ ሰው አጥቻለሁ። ነይ ያዥልኝ፣ እንዳይወድቅብን።”

አክስቴ ሄዳ ችፑዱን ያዘች።

አሁን ማሽኑ መሐል ላይ ነው፤ ከዚያኛው ወገን ጨርቅ፣ ከዚህኛው ወገን ዜና። የአዝራር ቀዳዳ ሲሠራ ጆሮ ስለሚያደነቁር ከቀድሞው የበለጠ እጮሃለሁ፤ የጉሮሮ መድኃኒት የምበላ ብቸኛው ገጣሚ ሳልሆን አልቀርም። ግድግዳው ከተነሣ በኋላ በነበረ አንድ ጠዋት ስለ ትምህርት ቤቱ ጣራ እያነበብኩ፣ እማማ እኔን መስማት ትታ ከወንበሯ ተነሣች። መጥታ ከአክስቴ ጀርባ ቆመች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከስክሪኑ ታነባለች፤ ከኔም ቀድማለች። ኮቱን የሚያስለካው ሰውዬ ሜትሩ ከትከሻው እየተንጠለጠለ ተከተላት፣ ሌሎችም መጡ። በአንድ ኮምፒውተር ስለሆነ ቆጣሪው ሁላቸውንም እንደ አንድ ሰው ነው የያዛቸው፤ ፓስወርድ ይህን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት በዓይኔ ከለከልኩት።

አክስቴ ሰው ከኋላዋ መኖሩን ገና አላየችም። የእርማቱን ጣቷን እያስኬደች ገጹን ወደ ታች ልትስበው ስትል እማማ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

“ቆይ ልጄ፣ አታውርጂው። አልጨረስኩም።”

አክስቴ እጇን ከማውሱ አነሳች። ጭኗ ላይ አሳረፈችውና፣ ወደ ኋላ ሳትዞር ጠበቀቻት። እኔም ማንበቤን አቆምኩ።